«አሰርት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥና «አረጋገጠ»
ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚጻፉ ትርጉሞች ምሳሌነት የቀረበ ሒስ

በእንግሊዝኛ «አሰርት» የሚባለው ግሥ በጋዜጣ፣ በታሪክ መጽሐፍ፣ በፍርድ ቤት ሰነድና በጎብኚዎች መምሪያ ዘወትር የሚገኝ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው አቻ «አረጋገጠ» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህ አቻነት ትክክል አለመሆኑን፣ ጉዳቱም የቃል ውበት ከማጓደል አልፎ የተባለውንና የተመረመረውን ነገር እስከ ማደባለቅ የሚደርስ መሆኑን ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ምክንያቱም ስለዚህ ስፍራ የሚነገረው ነገር ከፊሉ የተለካ፣ ከፊሉ በትውፊት የተወረሰ፣ ከፊሉም በኩራት የሚነገር ስለ ሆነ፣ ሦስቱን ለይቶ ለማስቀመጥ የዘገባ ግሦች ምን ያህል እንደሚያስፈልጉን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ምሳሌ የሚሆኑትም ዓረፍተ ነገሮች ለማስረዳት ሲባል እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ግሥ ራሱን እንመልከት። ምንጩ «አሴሬሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ይህም «ወደ» ከሚለው መነሻና «አያያዘ፣ አጋጠመ» ከሚለው ግሥ የተሠራ ነው። በጥንቱ የሮም ሕግ አንድ ሰው በሌላው ላይ እጁን ጭኖ «ይህ ሰው ነጻ ነው» ወይም «ይህ ሰው ባሪያዬ ነው» ብሎ በዳኛ ፊት ሲናገር ይህ ግሥ ይነገርለት ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እጅ የጫነው ሰው ገና አለመፈረዱ ነው። ቃሉን ሰጠ፣ በቃሉም ተያዘ፤ የቃሉን እውነትነት የሚወስነው ግን ዳኛው ነው። የዛሬው የእንግሊዝኛ ግሥም ይህን ጠባዩን አልለቀቀም። ሦስት ዋና ዋና ፍቺዎች አሉት። አንደኛው አንድን ነገር ሳያመነቱ፣ ብዙ ጊዜም ማስረጃ ሳያቀርቡ፣ በጽኑ መናገር ነው። ሁለተኛው መብትን ወይም ይዞታን የእኔ ነው ብሎ መቆም ነው። ሦስተኛው ራስን ወደ ፊት አውጥቶ በሌላው ዘንድ እንዲታወቅ ማድረግ ነው።

በሦስቱም ፍቺዎች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ይኸውም ኃላፊነቱ በተናጋሪው ላይ መውደቁ ነው። ስለ ንግግር ድርጊቶች የጻፈው ጆን ሰርል የዚህን ዓይነት ንግግር ጠባይ ሲያስረዳ፣ ተናጋሪው ለተናገረው ነገር እውነትነት ራሱን እንደሚያስይዝ ያመለክታል። ይህን ሐሳብ የአገራችን ሰው ዋስ ከመጥራት ልማድ በደንብ ያውቀዋል። «አሰርት» ያደረገ ሰው ለቃሉ ራሱ ዋስ ሆኗል፤ ዕዳው ግን ገና አልተከፈለም። «አረጋገጠ» ያልን እንደ ሆነ ዕዳው ተከፍሏል፣ ነገሩም አልቋል ማለታችን ነው።

«አረጋገጠ» የሚለው ግሥ በቅርጹ «ረገጠ» ከሚለው ጋር የተዛመደ ነው፤ «እርግጥ»፣ «እርግጠኛ» እና «አስረግጦ» የሚሉትም እንዲሁ። መሬቱ የሚይዝ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በእግር እየረገጡ እንደሚፈትኑት ሁሉ፣ የሚያረጋግጥ ሰው ነገሩን በራሱ ወይም በሌላ መንገድ ፈትኖ ያገኘ ሰው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ወረቀት «ማረጋገጫ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። የወረቀቱ ባለቤት የተናገረውን ሌላ ወገን መርምሮ እውነት ሆኖ አግኝቶታል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ለዚህ የሚስማማው «ኮንፈርም» የሚባለው ግሥ ነው እንጂ «አሰርት» አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሶፍ ዑመር እንሻገር። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ከጎሮ ባሻገር ካለው የኖራ ድንጋይ አምባ ሲደርስ ከመሬት በታች ገብቶ፣ ድንጋዩን ሰርስሮ፣ በታላላቅ አዕማድና አዳራሾች መካከል አልፎ እንደ ገና ወደ ብርሃን ይወጣል። በ1972 የብሪታኒያ የዋሻ አጥኚዎች ጉዞ በተደረገበት ወቅት በቅየሳ የተገኘው የዋሻው ርዝመት 15.1 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ በገመድና በመሣሪያ የተለካ ነገር ስለ ሆነ «ተለካ»፣ «ተረጋገጠ» ቢባል የሚነቀፍ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ቃል የትውፊቱ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው ከሼክ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ሼኩ ስፍራውን መኖሪያና የጸሎት ቦታ እንዳደረጉት የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። ዘመናቸውን አንዳንዱ ጽሑፍ 11ኛው፣ ሌላው 12ኛው ክፍለ ዘመን ያደርገዋል። ሦስተኛው ደግሞ የዝናው ቃል ነው። ዋሻው በኢትዮጵያ ረጅሙ ከመሆኑም በላይ «በአፍሪካ ከሁሉ የረዘመ ነው» የሚል ቃል በብዙ ጽሑፎች ይገኛል። ይሁን እንጂ በአልጄሪያ፣ በተለምሰን አገር የሚገኘው የራር ቡማዛ ዋሻ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ መለካቱ ይታወቃል።

አሁን ተርጓሚው ፊት «ጽሑፎች ዋሻው በአፍሪካ ረጅሙ ነው ሲሉ አሰርት ያደርጋሉ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቀረበ እንበል። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ግሡን የመረጠው ራሱን ከነገሩ ለማራቅ ነው፤ ይህን የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ዋስ አልሆንም ማለቱ ነው። ተርጓሚው «ዋሻው በአፍሪካ ረጅሙ መሆኑን ጽሑፎች ያረጋግጣሉ» ብሎ ሲመልሰው፣ ጸሐፊው ሆን ብሎ የተወውን ዋስትና ተርጓሚው በእርሱ ስም ፈርሞ አስገባው። የሚቀጥለው ጸሐፊ ደግሞ የአማርኛውን ምንጭ አድርጎ «እንደ ተረጋገጠው» ብሎ ይጀምራል። ምንም አዲስ ልኬት ሳይደረግ፣ በአንድ ግሥ ብቻ፣ ወሬው ማስረጃ ሆነ። ይህ ከትርጉም ጉድለቶች ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛነቱ የሚነቀፍበት ነገር ስለሌለው አራሚም ሆነ አንባቢ አያቆመውም።

ተመሳሳይ ችግር በቅርስ ምዝገባ ቋንቋም አለ። የሶፍ ዑመር ዋሻ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2011 ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ያለው ጽሑፍ አገሪቱ ስለ ቅርሷ ዋጋ የምታቀርበው ጽኑ ቃል ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ተመርምሮ የተሰጠ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያውን «የዓለም ቅርስነቱ ተረጋገጠ» ብሎ መተርጎም ሁለቱን ደረጃዎች ያጠፋል። የሶፍ ዑመርም ሰው ገና የሚጠብቀውን ነገር እንዳገኘው አድርጎ ይነግረዋል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ፤ እርሱንም ማለፍ አይገባም። «አረጋገጠ» እንደሚያሳስት የተረዳ ተርጓሚ ጥንቁቅ ለመሆን ሲል ሁሉን ነገር «ይባላል» በሚለው ግሥ ይጥላል። «የአካባቢው ሽማግሌዎች ሼኩ በዚህ ዋሻ ይኖሩ ነበር ሲሉ አሰርት ያደርጋሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ሼኩ በዚህ ዋሻ ይኖሩ ነበር ይባላል» ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ጠፉ። የሚናገረው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ያህል ጽናት እንደሚናገር አይታወቅም፤ ነገሩም ባለቤት የሌለው ወሬ ሆነ። ወደ ስፍራው ለዝያራ የሚሄደው ሰው ግን ነገሩን በወሬ ደረጃ የያዘው አይደለም። አባቶቹ የነገሩትን በጽኑ ያምነዋል፤ ሲጠየቅም ፊት ለፊት ይናገረዋል። «አሰርት» የተባለውን ግሥ «ይባላል» ያደረገ ተርጓሚ ለማስረጃ የተጠነቀቀ ይመስለዋል እንጂ የሰዎቹን ቃል ከአፋቸው ነጥቋል። «አረጋገጠ» ያለው ያልተሰጠ ዋስትና ሲጨምር፣ «ይባላል» ያለው የተሰጠውን ዋስትና ሰርዟል።

ለመሆኑ አማርኛ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም ቃል የለውምን? ይህን ለመመለስ የዘገባ ግሦቻችንን መመርመር ያስፈልጋል። በጋዜጣና በራዲዮ የሚበዙት «ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አስረዳ»፣ «አመለከተ»፣ «አስገነዘበ» የሚሉት ናቸው። ሁሉም በትርጉማቸው አድራጊዎች ናቸው። «ገለጸ» ከ«ገለጠ» ጋር ዘመድ ሲሆን ተሸፍኖ የነበረውን ማሳየት ነው፤ «አስታወቀ» እንዲታወቅ ማድረግ፣ «አስረዳ» እንዲረዱት ማድረግ፣ «አስገነዘበ» ልብ እንዲሉት ማድረግ ነው። የሚታወቅና የሚገለጥ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ያለ ነገር ነው። ፖል ኪፓርስኪና ካሮል ኪፓርስኪ በ1970 «ፋክት» በተባለው ጥናታቸው የነገሩን እውነትነት አስቀድመው የሚቀበሉ ግሦችንና የማይቀበሉትን ለይተው ነበር። በዚህ ሚዛን ብንለካቸው የአማርኛ የዘገባ ግሦች አብዛኞቹ በጥንተ ትርጉማቸው ወደ ተቀባዮቹ ወገን ያዘነብላሉ።

ከግሡ ሌላ የተሳቢው ሐረግ አሠራርም ሥራ አለው። «ረጅሙ መሆኑን ገለጸ» ስንል ነገሩን በዘር ስም አስረን እንዳለቀ ዕቃ እናቀርበዋለን። «ረጅሙ ነው ሲል ተናገረ» ስንል ግን ቃሉን በተናጋሪው አፍ ውስጥ እንዳለ እንተወዋለን። ይህን በቀላል ፈተና ማየት ይቻላል። «ዋሻው በአፍሪካ ረጅሙ ነው ሲል አጥብቆ ተናገረ፤ ግን አይደለም» ብንል ማንም አይደነግጥም። «ዋሻው በአፍሪካ ረጅሙ መሆኑን አረጋገጠ፤ ግን አይደለም» ብንል ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱን ያፈርሳል። በአሉታ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይታያል። «ረጅሙ መሆኑን አላረጋገጠም» ስንል ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን ክፍት ነው። «ረጅሙ መሆኑን አልገለጸም» ስንል ግን እውነቱን እያወቀ ዝም ማለቱን የሚያሰማ ይሆናል። እንግዲህ «አረጋገጠ» እውነትን የሚያመጣው በአዎንታ ሲነገር ብቻ ነው፤ «ገለጸ» ግን «መሆኑን» ከሚለው ጋር ሲጣመር በአዎንታም በአሉታም እውነትን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ለ«አሰርት» አይሆኑም፤ የማይሆኑበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ዛሬ «መሆኑን ገለጹ» የሚለው አነጋገር በዜና ቋንቋ ከመለመዱ የተነሣ ከ«አሉ» ያለፈ ትርጉም የለውም፤ አንባቢም በዚሁ ልማድ ያነበዋል የሚሉ ይኖራሉ። የቃሉ ኃይል መላላቱን እኛም አንክድም። ነገር ግን የላላው ግሥ ለሁሉ የሚያገለግል ከሆነ፣ ተሸፍኖ የነበረውን በእርግጥ ገልጦ ያሳየው ሰው ሥራ በምን ይነገር? የለካና የተናገረ እኩል «ገለጹ» ከተባለላቸው አንባቢው የሚለይበትን መሣሪያ አጥቷል። ደግሞም የቃሉ መላላት በአንባቢዎች ሁሉ ዘንድ እኩል አይደለም። በዜና ቋንቋ ያልተለማመደው ገበሬ ወይም ተማሪ «ተገለጸ» የተባለውን ነገር ተገልጦ የታየ አድርጎ ይወስደዋል።

ይህን ልዩነት ጠብቆ የኖረ የአማርኛ ክፍል መኖሩን ግን በደስታ እናስታውሳለን፤ እርሱም የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው። በችሎት መዝገብ ከሳሽ «ይገባኛል ሲል አመለከተ» ይባላል፤ ተከሳሽ «አላደረግሁም በማለት ተከራከረ» ይባላል፤ ምስክር «አይቻለሁ ሲል መሰከረ» ይባላል። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ለፍርድ ቤቱ የተጠበቀ ነው። «አስረዳ» የሚለው እንኳ በዚያ ቋንቋ ከማብራራት አልፎ በማስረጃ ማሳመን ማለት ነው፤ «የማስረዳት ሸክም» የሚለው አነጋገርም ይህንኑ ያሳያል። በጋዜጣ «አስረዱ» የሚባልላቸው ሰዎች በችሎት ቢሆኑ ገና «ተናገሩ» ብቻ በተባለላቸው ነበር። ተርጓሚው ከውጭ አገር መዝገበ ቃላት በፊት የራሱን አገር የችሎት መዝገብ ቢያነብ የሚጠቀም ይመስለናል።

ከሕዝቡም አነጋገር ብዙ የሚወሰድ አለ። «አጥብቆ ተናገረ» ለአብዛኛው አገባብ የሚበቃ ነው። «አስረግጦ ተናገረ» ለመደበኛ ጽሑፍ ይስማማል፤ ከ«አረጋገጠ» ጋር አንድ ሥር ቢኖረውም የሚያጸናው ነገሩን ሳይሆን አነጋገሩን ስለ ሆነ አያሳስትም። «አፉን ሞልቶ ተናገረ» መተማመንን ያሳያል። «ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ» ተቃዋሚ ባለበት ቦታ ይገባል። «ድርቅ ብሎ» የሚለው ነቀፋ አለበት፤ የእንግሊዝኛው ጸሐፊ መንቀፉ ካልታወቀ መግባት የለበትም። «በአጽንዖት» የሚለው ስለ ድምፅና ስለ ትኩረት እንጂ ስለ እውነትነት ዋስትና የሚናገር ባለመሆኑ ብቻውን አይበቃም። «ነው ባይ ነው» የሚለው ደግሞ አንድ ሰው ጸንቶ የቆመበትን አቋም ለመንገር እጅግ የሚስማማና ያላግባብ የተረሳ አነጋገር ነው። በዚህ መንገድ ከላይ የጠቀስነው ዓረፍተ ነገር «የአካባቢው ሽማግሌዎች ሼኩ በዚህ ዋሻ ይኖሩ ነበር ሲሉ አጥብቀው ይናገራሉ» ይሆናል። ተናጋሪዎቹ ከነጽናታቸው አሉ፤ ተርጓሚውም ያልተሰጠ ነገር አልጨመረም።

ሁለተኛው ፍቺ፣ ማለትም መብትን የሚመለከተው፣ የራሱ ወጥመድ አለው። በዚህ ቦታ የተለመደው አቻ «መብቱን አስከበረ» ነው። «አስከበረ» ግን ጥረቱ ፍሬ ማግኘቱን ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው ግሥ ስለ ፍሬው ዝም ይላል። በባሌ ከ1963 እስከ 1970 የቆየውንና ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበትን የገበሬዎች አመፅ እንውሰድ። ከአመፁ ምክንያቶች አንዱ የመሬት ልኬትና የግብር ጉዳይ ነበር። ስለ እነዚህ ገበሬዎች «የመሬት መብታቸውን አሰርት አደረጉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢገኝ «የመሬት መብታቸውን አስከበሩ» ብሎ መተርጎም ታሪክን ያዛባል፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው አመፁ ካበቃ ከዓመታት በኋላ በ1975 ነውና። «መብታቸውን ጠየቁ» ማለትም ይደክማል፤ የሚጠይቅ ሰው የሌላውን ፈቃድ የሚጠብቅ ነውና። «መሬቱ ይገባናል ብለው ቆሙ» ወይም «ተነሡ» ማለት የተሻለ ነው። ሦስተኛውም ፍቺ፣ ራስን ማሳወቅ፣ በአማርኛ «አለሁ አለ» የሚል የታወቀ አነጋገር ስላለው «ራሱን አረጋገጠ» የሚል ባዕድ ሐረግ መፍጠር አያስፈልግም።

የባሌ ተርጓሚ ሥራ በአማርኛ እንደማያበቃም መታሰብ አለበት። በሶፍ ዑመር አካባቢ የሚነገረው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ዋሻውም በዚያ «ሆልቀ ሶፍ ዑመር» ይባላል። በአፋን ኦሮሞም ተመሳሳይ ልዩነት አለ። «ሚርከኔሴ» ማለት አረጋገጠ ነው፤ «ጪምሴ ዱበቴ» ማለት አጠንክሮ ተናገረ ነው፤ «ጄዸማ» ማለት ይባላል ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ አፋን ኦሮሞ በሚሄድ ጽሑፍ የመጀመሪያው ስሕተት ሁለተኛውን ይወልዳል። በአማርኛው «አረጋገጡ» የተባለው በኦሮምኛው «ሚርከኔሰን» መባሉ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ሽማግሌው የራሱ ቃል በራሱ ቋንቋ ተመልሶ ሲመጣበት አንድ ጊዜ ያላደረገውን ምርመራ እንዳደረገ፣ ሌላ ጊዜም ባለቤት የሌለው ወሬ እንዳወራ ሆኖ ያገኘዋል።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በዚህ ነገር ድርሻ አለባቸው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ሦስት አራት የአማርኛ ግሦችን በጭረት ለያይቶ መደርደር ተርጓሚውን አይረዳውም፤ ከመካከላቸው የለመደውን አንሥቶ ይሄዳልና። ዎልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ለማሳየት መነሣቱ በዚህ ረገድ ትክክለኛ መንገድ ነበር። በተለይ የዘገባ ግሦች ከተሳቢ ሐረጋቸው ተነጥለው መፈታት የለባቸውም።

ስለዚህ ለዚህ ግሥ የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን።

አሰርት፤ ግሥ። ሀ) «… ነው ሲል አጥብቆ ተናገረ»፤ «… ነው ብሎ አስረግጦ ተናገረ»፤ ለቆየ አቋም «… ነው ባይ ነው»። «መሆኑን» ከሚለው ሐረግ ጋር አይጣመር። ለ) ስለ መብትና ይዞታ ሲነገር «ይገባኛል ብሎ ቆመ»፤ ውጤቱ ከታወቀ ብቻ «አስከበረ»። ሐ) ስለ ራስ ሲነገር «አለሁ አለ»። ከግሡ ለሚገኘው ስም «ጽኑ ቃል» ወይም እንደ አገባቡ «አቋም»፤ «ማረጋገጫ» አይባልም።

«አረጋገጠ» የሚለውን ግሥ ከዚህ ቦታ ስናነሣው ልናዋርደው አይደለም። የወይብን ዋሻ ውስጥ ለውስጥ ሄደው 15.1 ኪሎ ሜትር ብለው ለመዘገቡት ሰዎችና እንደ እነርሱ ላሉት ሁሉ የሚገባ ቃል ስለ ሆነ፣ ለእነርሱ ይቆይልን እንላለን።